«ክፉ ቦታ አገኘው»፦ በጃፓን ማርሻል አርት ስለሚታወቁት የሰውነት ስስ ነጥቦች

መግቢያ

ሁለት ሰዎች ተጣልተው አንደኛው በአንዲት ቡጢ ወድቆ ሳይነሳ ሲቀር በአገራችን ሰዉ «ምን ይደረግ፣ ክፉ ቦታ አገኘው» ይላል። ይቺ አነጋገር ትንሽ ብትመስልም እውቀት ይዛለች። የሰው ገላ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ትከሻ ላይ ቢያርፍ ከመበለዝ የማያልፍ ምት ሌላ ቦታ ላይ ሲያርፍ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል ማለት ነው። «ጆሮ ግንዱን አለው» የሚለው አነጋገራችንም ከዚሁ እውቀት የመጣ ይመስለኛል።

ጃፓኖች እኛ «ክፉ ቦታ» የምንለውን «ክዩሾ» ይሉታል። ቃሉ በሁለት ፊደል የሚጻፍ ሲሆን የመጀመሪያው «አጣዳፊ»፣ ሁለተኛው «ቦታ» ማለት ነው። ከድብድብ ውጭም የአንድ ጉዳይ ዋና ቁም ነገር ያለበትን ቦታ ለመግለጽ ይጠቀሙበታል። በማርሻል አርት መጻሕፍት ውስጥ ግን ክዩሾ ማለት ቢመቱ ወይም ቢጫኑ ሰውን የሚያደነዝዙ፣ ራሱን የሚያስቱ ወይም የሚገድሉ የሰውነት ነጥቦች ናቸው።

ውድ አንባብያን፣ «ጋዜጠኝነት የሚማር ልጅ ከካራቴ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቪዲዮ ቤት ገብቶ የካራቴ ፊልም ያየ ሰው ሁሉ፣ አንድ ሽማግሌ ግዙፉን ሰውዬ አንገቱ ላይ በሁለት ጣት ነክቶ ሲጥለው አይቷል። ከዚያ በኋላ ሰፈር ውስጥ «እውነት ነው፣ እንዲህ ያለ ነጥብ አለ» ባይና «ፊልም ነው ባክህ» ባይ ይከራከራሉ። ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው። እውነቱ የቱ ጋ እንደሚያልቅና ተረቱ የቱ ጋ እንደሚጀምር መለየት ደግሞ የኛ የሙያ ሥራ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የነጥቦቹን አመጣጥ፣ ሕክምና ስለነሱ የሚለውን፣ በመጨረሻም ብዙ የተወራለትንና ብዙ ሳይወራለት የቀረውን አደጋ ለመዳሰስ እሞክራለሁ። ጽሑፉ ሰው እንዴት እንደሚመታ ማስተማሪያ አለመሆኑን ከወዲሁ ልናገር። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነጥቦቹ ከየት መጡ?

በሳሙራይ ዘመን በጃፓን ጁጁትሱ የሚያስተምሩ ብዙ ቤቶች ነበሩ። «ቤት» ያልኩት እኛ አገር የቅኔ ትምህርት የዋሸራ ቤት፣ የጎንጅ ቤት፣ የዋድላ ቤት እየተባለ እንደሚለየው ሁሉ እነሱም መምህሩንና ስልቱን ተከትለው ስለሚለያዩ ነው። ጁጁትሱ መጣልን፣ መያዝን፣ ማነቅንና መገጣጠሚያ ማጠፍን ያካትታል። ስስ ነጥብ ላይ መምታት ደግሞ «አተሚ» ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የተመሠረተው ተንጂን ሺንዮ ርዩ የተባለው ቤት በአተሚ የታወቀ ነበር።

የነጥቦቹ ስም ራሱ ያስገርማል። ከደረት አጥንት በታች ያለው ስርጉድ ቦታ «ሱይጌትሱ» ይባላል፤ «ውሃ ላይ የምትታይ ጨረቃ» ማለት ነው። ጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው ነጥብ «ካሱሚ» ወይም «ጭጋግ» ነው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው «ኡቶ» ሲሆን «ቁራና ጥንቸል» ማለት ነው። በሩቅ ምሥራቅ ተረት ቁራ ፀሐይ ውስጥ፣ ጥንቸል ጨረቃ ውስጥ ስለሚኖሩ ስሙ ፀሐይና ጨረቃን ያመለክታል። በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር «ዴንኮ» ወይም «የመብረቅ ብልጭታ» አለ፤ በግራ በኩል ደግሞ «ጌትሱኤይ» ወይም «የጨረቃ ጥላ»። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ቦታውን ሊያውቅ አይችልም። መምህሩ በጣቱ ካላሳየው በቀር ቅኔ እንደሰማ ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን ሳያገኝ ይመለሳል።

ከነጥቦቹ አንዳንዶቹ ከቻይና ሕክምና ጋር ይገናኛሉ። ለምሳሌ በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር መካከል ያለው «ጂንቹ» የተባለው ነጥብ፣ በመርፌ የሚያክሙት ቻይናውያን ራሱን የሳተ ሰው ለመቀስቀስ የሚጠቀሙበት ነጥብ ነው። አንዱ የሚጎዳበትን ቦታ ሌላው ያድንበታል ማለት ነው። በነገራችን ላይ የዓለም ጤና ድርጅት የመርፌ ሕክምናውን ቦታዎች ወጥ ለማድረግ ባወጣው መመዘኛ 361 ነጥቦች ተመዝግበዋል።

ካራቴ የተወለደባት የኦኪናዋ ደሴትም የራሷ ቅርስ አላት። «ቡቢሺ» የተባለና ከቻይና የመጣ ጽሑፍ በእጅ እየተገለበጠ ከመምህር ወደ ተማሪ ይተላለፍ ነበር። በውስጡ የስስ ነጥቦች ዝርዝር አለ፤ ነጥቦቹ በየትኛው ሰዓት ቢመቱ ይበልጥ እንደሚጎዱም ይናገራል። በ1922 ካራቴን ለቶክዮ ሕዝብ ያሳዩት ኦኪናዋዊው መምህር ጊቺን ፉናኮሺም በ1935 ባሳተሙት «ካራቴ ዶ ክዮሃን» በተባለው መጽሐፋቸው ለስስ ነጥቦች ቦታ ሰጥተዋል።

አንድ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። በድሮዎቹ ቤቶች የመጉዳት ዘዴ «ሳፖ»፣ የማዳን ዘዴ ደግሞ «ካፖ» ይባሉ ነበር፤ ሁለቱም አብረው ይሰጡ ነበር። ሰውን ራሱን ማሳት የተማረ ሰው መቀስቀስንም መማር ነበረበት። እኛ ወጌሻ የምንለው ዓይነት ሙያ በጃፓን ከጁጁትሱ ቤቶች ጋር አብሮ ያደገው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬም «የጁዶ ወጌሻ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል፣ በመንግሥት ፈቃድ የሚሠራ ሙያ በዚያ አገር አለ።

ሕክምና ምን ይላል?

እንግዲህ ቅኔውን ትተን ወደ ሰውነት እንግባ። ከሚጠቀሱት ነጥቦች ውስጥ ውጤታቸው በግልጽ ከሚታወቀው አራቱን ልውሰድ።

አንደኛ፣ አገጭ። በር ስንገፋ ማጠፊያው አጠገብ ከመግፋት ጫፉ ላይ መግፋት ይቀላል። አገጭም ጭንቅላት ከሚዞርበት ከአንገት ራቅ ያለ ጫፍ ስለሆነ ከጎን ሲመታ ጭንቅላትን በፍጥነት ያዞራል። የራስ ቅል ሲዞር በውስጡ ያለው አንጎል እኩል አብሮ ስለማይዞር ይናጣል፤ ይሳባል። ሰውየው ራሱን የሚስተው በዚህ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ስስ ነገር አገጩ ሳይሆን አንጎል ነው።

ሁለተኛ፣ ሱይጌትሱ። እዚህ ቦታ ላይ በኃይል የተመታ ሰው ትንፋሹ ቁርጥ ይላል። ምክንያቱም ሳንባን ከሆድ የሚለየውና ለመተንፈስ የሚያገለግለው ድያፍራም የተባለው ጡንቻ ስለሚኮማተር ነው። ኳስ ሆዱን የመታው ልጅ አጎንብሶ አየር ሲፈልግ ያየ ሰው ይህንን ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ይለቃል።

ሦስተኛ፣ ዴንኮ። ከቀኝ ጎድን አጥንት ሥር ያለው ጉበት ነው። ጉበቱን የተመታ ሰው አእምሮው ንጹሕ ሆኖ ሳለ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። በኅዳር 2019 በጃፓን ሳይታማ ከተማ ናኦያ ኢኖዌ ከፊሊፒንሱ ኖኒቶ ዶናይሬ ጋር ባደረገው የቦክስ ግጥሚያ በ11ኛው ዙር በግራ እጁ ጉበቱን መትቶ አንበርክኮታል። ዶናይሬ ከዚያ በፊት ብዙ የፊት ቡጢ ችሎ የቆመ ሰው ነበር።

አራተኛ፣ ልብ። ይህኛው በጣም የሚያስፈራ ነው። ጤነኛ ወጣት ደረቱን ተመትቶ፣ አጥንት ሳይሰበር፣ ልቡ በድንገት ምቷ ተዛብቶ ሊወድቅ ይችላል። ይህ እንዲሆን ግን ምቱ በሁለት የልብ ትርታዎች መካከል ባለች፣ ከ0.02 ሰከንድ ብዙ በማትበልጥ ጊዜ ላይ መግጠም አለበት። በጥር 2023 አሜሪካዊው የፉትቦል ተጫዋች ዳማር ሃምሊን በሜዳ ላይ ከተጋጣሚው ጋር ተጋጭቶ ከተነሳ በኋላ መልሶ የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው። የዳነው ሐኪሞቹ እዚያው ሜዳ ላይ ደረቱን እየተጫኑና ልቡን በኤሌክትሪክ እያነቁ ስለደረሱለት ነው። እንግዲህ አስተውሉ፦ ከሁሉም በላይ ገዳይ የሆነው ነጥብ ማንም ጌታ መምህር ነኝ ባይ አልሞ ሊመታው የማይችል ነው። የሰውን የልብ ትርታ ከውጭ አይቶ ሰዓት የሚጠብቅ ዓይን የለም። ስለዚህ ይህ የአደጋ ጉዳይ እንጂ የችሎታ ጉዳይ አይደለም።

እነዚህ ቦታዎች ሰፋፊ ናቸው፤ ምን እንደሚያደርጉም በነርቭ፣ በደምና በአጥንት ማስረዳት ይቻላል። ስለ ክዩሾ ሰምቶ የማያውቅ ቦክሰኛም በራሱ መንገድ ደርሶባቸዋል። ከዚህ ውጭ ነርቭ ከአጥንት ጋር ተጠግቶ የሚያልፍባቸው እንደ ክርን ያሉ ቦታዎች ሲጫኑ ያማሉ። ነገር ግን በንዴት የጋለ ወይም የሰከረ ሰው ሕመሙን ላይሰማው ይችላል። «በዚህ ሰዓት ብትነካው ከሦስት ቀን በኋላ ይሞታል» የሚለው ዓይነት ግን በሕክምና የተረጋገጠ ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው።

አንገት ለብቻው

አንገትን ለብቻው ያየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በጁዶ ማነቅ «ሺሜ ዋዛ» ይባላል፤ እስካሁን በውድድር የተፈቀደ ነው። ብዙ ሰው የሚታነቀው አየር አጥሮት ይመስለዋል። ጥሩ የጁዶ አያያዝ ግን የሚጫነው በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል የሚወጡትን ደም ቅዳ ሥሮች ነው። በ1958 የጁዶ ማዕከል በሆነው ኮዶካን የታተመ የጃፓን ሐኪሞች ጥናት እንዳሳየው፣ በትክክል የታነቀ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ራሱን ይስታል፤ ሲለቁት ደግሞ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ በራሱ ይነቃል።

ይህንን ሲሰማ አንድ ሰው «ታዲያ ቀላል ነው» ሊል ይችላል። ቀላል ያደረገው ግን አንገቱ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ሥርዓት ነው። የታነቀው ሰው በእጁ ሁለቴ መታ መታ ሲያደርግ ይለቀቃል። ዳኛ አጠገባቸው ቆሞ ያያል። በጃፓን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በውድድር ላይ ማነቅ አይፈቀድላቸውም። ሥርዓቱ በሌለበት የሚሆነውን ደግሞ ዓለም በሐምሌ 2014 በኒው ዮርክ አይቷል። ሲጋራ በነጠላ ትሸጣለህ ተብሎ የተጠረጠረው ኤሪክ ጋርነር አንድ ፖሊስ በክንዱ አንገቱን ከያዘው በኋላ «መተንፈስ አልቻልኩም» እያለ ሞተ። የከተማው አስከሬን መርማሪ ሐኪም ምክንያቱ አንገቱና ደረቱ ላይ ያረፈው ጫና መሆኑን አረጋግጧል። እንዲህ ያለውን አያያዝ የፖሊስ መምሪያው ራሱ ከ1993 ጀምሮ ከልክሎት ነበር።

የሚፈተንና የማይፈተን እውቀት

ጁዶን በ1882 የመሠረቱት ጂጎሮ ካኖ የተማሩ ሰው፣ በሙያቸውም አስተማሪ ነበሩ። ከላይ የጠቀስኩትን የተንጂን ሺንዮ ርዩን ትምህርት ተምረዋል። የራሳቸውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ልምምዱን በሁለት ከፈሉት። አንደኛው «ራንዶሪ» ሲሆን ሁለት ሰዎች ከልባቸው እየተቋቋሙ የሚታገሉበት ነው። ሁለተኛው «ካታ» ነው፤ ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ታውቆ እንደ ትዕይንት የሚሠራ ልምምድ ማለት ነው። ስስ ነጥብ ላይ መምታት በራንዶሪ ቢፈቀድ ሰው ስለሚጎዳ በካታ ውስጥ ብቻ እንዲቀር አደረጉ።

ይህ ውሳኔ ለተማሪዎቹ ደኅንነት ትክክለኛ ነበር። ውጤቱን ግን ልብ በሉልኝ። መጣል፣ መያዝና ማነቅ ከ140 ዓመት በላይ በየቀኑ እምቢ በሚል ሰው ላይ ሲፈተኑ ኖሩ፤ የማይሠራው እየወደቀ የሚሠራው ቀረ። ምቶቹ ግን ዝም ብሎ በሚቆም ጓደኛ ላይ ብቻ ሲታዩ ኖሩ።

በአደባባይ የተፈተነ እውቀት የማንም ነው። ጁዶ በ1964 በቶክዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። ጥቅምት 21 ቀን የኛው አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሆላንዳዊው አንቶን ሄሲንክ በክብደት በማይገደበው ምድብ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት አሸነፈው። ያሸነፈው በምስጢራዊ ነጥብ ሳይሆን ምንጣፍ ላይ አጋድሞ በመያዝ፣ ማንኛውም ጀማሪ በሚማረው ስልት ነው።

ያልተፈተነው ደግሞ ምን እንደሚሆን ሌላ ምሳሌ ልስጥ። በ2000ዎቹ አጋማሽ የናሽናል ጂኦግራፊክ ቴሌቪዥን፣ ነጥብ በቀላሉ በመንካት፣ አልፎ ተርፎም ሳይነካ ሰው እጥላለሁ የሚልን አንድ አሜሪካዊ መምህር ሥራ በፊልም አሳይቶ ነበር። የመምህሩ ተማሪዎች ተራ በተራ ወደቁ። በነገሩ የማያምን እንግዳ ሲቆም ግን አልወደቀም። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መምህሩ የሰጠው ምክንያት ሰውየው ምላሱን ያስቀመጠበት ሁኔታ ወይም የእግሩ ጣት አቋም ሊሆን ይችላል የሚል ነበር። እንዲህ ያለው ማብራሪያ ቢወድቅም ልክ፣ ባይወድቅም ልክ ስለሚሆን በምንም ሊፈተን አይችልም። መምህሩ ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም፤ ከልቡ አምኖ ሊሆን ይችላል። ተማሪዎቹም ቢሆኑ መውደቅ እንደሚጠበቅባቸው ስለሚያውቁ ሳያስቡት ይወድቃሉ።

ያልተወራለት ክፉ ቦታ

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ሰው ሁሉ ስለ ምስጢራዊ ነጥቦች ሲያወራ በጃፓን ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ርዮ ኡቺዳ የተባሉ በናጎያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ በትምህርት ቤት ለሚደርሱ አደጋዎች ካሣ የሚከፍለውን ተቋም መዛግብት ሰብስበው ቆጠሩ። ከ1983 ጀምሮ ባሉት ሠላሳ ገደማ ዓመታት ውስጥ በመለስተኛና በከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጁዶ ሲለማመዱ የሞቱት ተማሪዎች ከ100 በላይ ሆነው ተገኙ።

ምን ገደላቸው? ካሱሚ ወይም ኡቶ አይደለም። አብዛኞቹ የሞቱት በጭንቅላት ጉዳት ነው። ልጁ ወደ ኋላ ይጣላል፤ ማጅራቱ ምንጣፉን ይመታል ወይም ጭንቅላቱ በኃይል ይናጣል፤ በአንጎልና በራስ ቅል መካከል ያሉት ደም መልስ ሥሮች ይበጠሱና ደም ይፈስሳል። ከሞቱት ብዙዎቹ ገና አወዳደቅ በደንብ ያልተማሩ የአንደኛ ዓመት ጀማሪዎች ነበሩ።

ልጆቻቸው የሞቱባቸውና የተጎዱባቸው ወላጆች በ2010 ማኅበር አቋቋሙ። ከሚያዝያ 2012 ጀምሮ ማርሻል አርት በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የግዴታ ትምህርት እንዲሆን ተወስኖ ስለነበር ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖችም ጉዳዩን አነሱት። የትምህርት ሚኒስቴሩ የጥንቃቄ መመሪያ አወጣ፤ የጁዶው ፌዴሬሽንም ስለ ጭንቅላት ጉዳት አሠልጣኞችን ማስተማር ያዘ። ከዚያ በኋላ የሟቾቹ ቁጥር በጣም ቀነሰ።

እኔን በጣም ያስገረመኝ መረጃው የተደበቀ አለመሆኑ ነው። ካሣ ስለተከፈለበት እያንዳንዱ ሞት ወረቀት ነበረው። የእያንዳንዱ ልጅ ሞት በየከተማው እንደ አንድ አሳዛኝ አጋጣሚ ታይቶ አለፈ እንጂ ወረቀቶቹን አንድ ላይ አድርጎ የቆጠረ ሰው ለብዙ ዓመታት አልነበረም። ልጆቹን የገደለው ነገር በግልጽ መዝገብ ላይ ተቀምጦ ሳለ የሰዉ ዓይን ምስጢሩ ላይ ነበር።

ለኛ ምን ይጠቅመናል?

«ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላል ያገራችን ሰው። ለስስ ነጥብ ወሬ የምንጨምረው ሐሳብ በሦስት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል ብዬ አምናለሁ።

1ኛ፣ የወደቀው ማነው? የመምህሩ ተማሪ ነው ወይስ አልወድቅም ብሎ የቆመ ሰው? ይህ ጥያቄ ለካራቴ ብቻ ሳይሆን ለተአምረኛ መድኃኒትም፣ ለማንኛውም «በዓይናችን አይተናል» ለሚባል ነገር ይሠራል።

2ኛ፣ በምን መንገድ? አገጭና ጉበት ሲመቱ ምን እንደሚሆን ሐኪም ያስረዳል። ማብራሪያው በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ መጠርጠር ነው።

3ኛ፣ የቆጠረ አለ? አንድ አስደናቂ ታሪክ ዜና ይሆናል፤ መቶ ተመሳሳይ ሞቶች ደግሞ አንድ ሰው ካልቆጠራቸው ዜና ሳይሆኑ ሊቀሩ ይችላሉ። ከሦስቱ ለኛ ሙያ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ ተራ መዛግብትን አንድ ላይ ማየት አሰልቺ ሥራ ቢሆንም የሰው ልጅ ያድናል።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ የሰውነት ስስ ነጥቦች አሉ፤ የጃፓን ቤቶችም ከብዙ ዘመን በፊት አውቀዋቸው ውብ ስም ሰጥተዋቸዋል። ከነሱ ውስጥ የሚታመኑት እምቢ በሚል ሰው ላይ የተፈተኑትና ሐኪም የሚያስረዳቸው ናቸው። ከሁሉም በላይ ሊጠበቅ የሚገባው ደግሞ ምስጢር ያልሆነው ጭንቅላት ነው።

በመጨረሻ ዶርም ውስጥ ለጨዋታ ለምትታገሉ ጓደኞቼ ሁለት ነገር ልበል። የጓደኛችሁ አንገት ላይ ምንም ነገር አትሞክሩ፤ መታ መታ ሲያደርግ የሚያይ ዳኛ የላችሁም። ደረቱን ተመትቶ የወደቀና የማይተነፍስ ሰው ካያችሁ ደግሞ ውሃ ከማርከፍከፍ ይልቅ አንዱ አምቡላንስ ይጥራ፤ ሌላው በሁለት እጁ የደረቱን መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ጠንከር አድርጎ እየተጫነ ይጠብቅ። የድሮዎቹ ጃፓኖች ሳፖን ያለ ካፖ አላስተማሩም፤ እኛም ክፉ ቦታን ካወቅን አይቀር ማዳኑን አብረን እንወቅ።

ቸር እንሰንብት።